«ምንም አልነካሁም»

ፓን ሂየሮኒም የተበላሸ ዕቃ ከመክፈታቸው በፊት ባለቤቱን ወንበር ላይ ያስቀምጡና ሦስት ነገር ይጠይቁ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ማን ነካው? ምን ተጨመረበት፣ ምንስ ተቀነሰበት? መልሱን ሳያገኙ ካቻቢቴ አያነሡም። የቸኮለ ሰው «ኧረ ዝም ብለው ይክፈቱት» ካላቸው፣ «እኔ ኤሌክትሪሺያን እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም» ይሉታል። «እውነቱን ከነገርከኝ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ከዋሸኸኝ ግን ደህናውን ቦታ ስጎረጉር ነው የምውለው።»

ይህን ቃል መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አላወቅሁም ነበር የምልበት አፍ የለኝም።

በክራኮቭ፣ በሰፈራችን በኖቫ ሁታ እሳቸውን የማያውቅ አልነበረም። ፓን በኛ አገር አቶ ማለት ነው፤ ለሴት ደግሞ ፓኒ ይባላል። በብረት ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ዓመት የክሬን ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ ከበታቻቸው የቀለጠ ብረት እየፈሰሰ፣ እሳቸው ጣሪያው ሥር ተንጠልጥለው ሽቦ ሲያገናኙ ኖረዋል። ጡረታ በወጡ ዓመት ሚስታቸው ሞቱ። ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት አልሆነላቸውም፤ በሰፈሩ የባህል ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ለምነው፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ የሰው ዕቃ መጠገን ጀመሩ። ሬዲዮ የያዘ ጡረተኛ ይመጣል፣ እቤቱ ለጨዋታ የሠራው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አልበራ ያለው ተማሪ ይመጣል፣ የገና ዛፍ መብራት የያዘች እናት ትመጣለች። ቀጫጫ ናቸው፤ ጆሯቸው ትልልቅ ነው፤ ሁለት መነጽር አላቸው፣ አንዱ አፍንጫቸው ላይ፣ ሌላው ግንባራቸው ላይ። ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ትርፍ ፊውዝ የታጨቀባት የከረሜላ ቆርቆሮ አትጠፋም።

አንድ ቀን የደብራችን ቄስ የመናዘዣውን ሣጥን መብራት ይዘው መጡ። ቄሱ ገብተው ሲቀመጡ አረንጓዴ፣ ሰው ሲናዘዝ ደግሞ ቀይ የምትበራ ትንሽ ሰሌዳ ናት። ፓን ሂየሮኒም እንደ ልማዳቸው አስቀመጧቸው።

«ከዚያ ወዲህ ማን ነካት?»

«እኔ... ትንሽ አጥብቄያት ነበር።»

«በምን?»

«በቢላ።»

«በየትኛው ቢላ?»

«ኧረ ፓን ሂየሮኒም! የማናዝዘው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?»

«እዚህ ክፍል ውስጥ እኔ ነኝ፣ አባቴ። በየትኛው ቢላ?»

በቅቤ መቀቢያው ቢላ ኖሯል። ቄሱ ያን ያህል ቀልተው አይቻቸው አላውቅም፤ መብራቷ ግን በሁለት ደቂቃ በራች።

እጃቸውን ግን ማየት ነበር። አይቸኩልም፣ አይንቀጠቀጥም። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በወረንጦ ይይዙና መበየጃውን ጠጋ ያደርጉታል፤ እርሳሱ ቀልጦ ጠብ ሲል እፍ ይሉበታል፤ አለቀ። እኔ ዕድሜዬን በመርፌ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጥሩ እጅ ሳይ አውቃለሁ። የዚያን እጅ ነገር ነው እንግዲህ የምነግራችሁ፤ ምን እንዳደረግሁበት።

እኔ ብሮንካ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ምላሴ ስለታም ነው፤ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴው ልናገር። በየዓመቱ ሾፕካ እሠራለሁ። ሾፕካ ጌታ የተወለደበት በረት ነው፤ እኛ የክራኮቭ ሰዎች ግን በረት አይበቃንም፤ በከተማችን አብያተ ክርስቲያናት አምሳል ባለ ብዙ ግንብ ቤተ መንግሥት አድርገን፣ ከካርቶንና ከእንጨት ሠርተን፣ ላዩን በከረሜላና በቸኮላት ፎይል እንለብጠዋለን። ዲሴምበር በገባ በመጀመሪያው ሐሙስ ሁሉም የየራሱን ተሸክሞ ወደ ትልቁ አደባባይ ይወጣል፤ ከዚያ ዳኞች ያዩታል። ግንበኛው ይሠራል፣ ትራም ነጂው ይሠራል፣ የጥርስ ሐኪሙ ይሠራል። ለዚያች ክብር ሲል ከወንድሙ ጋር የተኮራረፈ ሰው አውቃለሁ። በኛ ሕንጻ ቸኮላት የበላ ሁሉ ፎይሉን በጥፍሩ አለስልሶ በበሬ ሥር ያስገባልኛል፤ ለገና ሰሞን ደጄን ስከፍት ወለሉ ያብረቀርቃል።

ግንቡ የኔ፣ መብራቱ የፓን ሂየሮኒም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራን። መጀመሪያ በትንንሽ አምፖል ነበር፤ እነሱ እየጋሉ ካርቶኔን ያጣምሙብኝ ነበር። ኤልኢዲ ሲመጣ ተገላገልን። ፓን ሂየሮኒም ሦስት ሦስቱን አከታትለው ይበይዷቸዋል፤ ለየመስመሩ ኃይሉን የሚቀንስ አንድ ሬዚስተር ያስገባሉ፤ መስመሩ ሁሉ ከመሠረቱ ውስጥ ካለችው ባትሪ ተነሥቶ በአንዲት ፊውዝ በኩል ያልፋል።

«ኤልኢዲ እንዳንቺ ግትር ነው» ይሉኝ ነበር። «በአንድ በር ብቻ ነው የሚያስገባው። ገልብጠሽ ብትሰኪው ዝም ይልሻል።»

«እኔ ዝም ብዬ አውቃለሁ እንዴ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ኤልኢዲው ይሻላል።»

አንድ ሕግ ነበራቸው። ፎይል ከውጭ ነው፣ ከውስጥ ነጭ ወረቀት። ከውስጥ የኤልኢዲዎቹ እግሮች ከነብየዳቸው ራቁታቸውን ናቸው፤ ወረቀት ቢነካቸው ምንም አይሆንም። «ፎይል ብረት ነው፣ ብሮንካ» ይሉኛል በየዓመቱ። «የከረሜላ ነው ብሎ ኤሌክትሪክ አያዝንለትም። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አንድ ላይ ከነካ ሾርት ነው።» እኔም በየዓመቱ «ሰማሁ፣ ሰማሁ» እላለሁ።

በሃያኛው ዓመት፣ የውድድሩ ዋዜማ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ ቤቴ መጥተው የመጨረሻውን ፍተሻ አደረጉ። እያንዳንዱን መስመር በቴስተር ነካ ነካ አደረጉ፤ ሁሉም በራ። ግንቦቹን ወዘወዟቸው፤ አልጠፋም። «እንግዲህ እስከ ነገ እንዳትነኪው» ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ።

እኔ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አየሁት። የልብስ ሰፊ ዓይን አያርፍም። ማርያምና ሕፃኑ ያሉበት መካከለኛው ግንብ ደብዘዝ ያለ መሰለኝ። ይሄኔ የፖድጉዤ ሰፈሩ ቴዎፊል ትዝ አለኝ። ቴዎፊል የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ሾፕካው እንደ ጌጣጌጥ ሱቅ ነው የሚያበራው፤ ባለፈው ዓመት ሰው ፊት «የፓኒ ብሮንካም ቆንጆ ነው፣ ሻማ ቢጨመርበት» ብሎኛል። ዓመት ሙሉ ያን ቃል እያኘክሁ ነው የከረምኩት።

ወፍራም የብር ቀለም ያለው የቸኮላት ፎይል ነበረኝ። የግንቡን ጀርባ ከፈትኩ፤ ነጩን ወረቀት ላጥኩ፤ ውስጡን በፎይል ለበጥኩት። በእግሮቹ ዙሪያ እየተጠነቀቅሁ፣ በመቀስ ክብ ክብ እያወጣሁ ነው ታዲያ። ሳበራው ብርሃኑ እጥፍ ሆነ። የሕፃኑ ፊት ጭምር በራ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር እጄን አጨበጨብኩ። የፓን ሂየሮኒም ቤት ከኔ ሁለት ሕንጻ ነው የሚርቀው። መጥተው እንዲያዩት ብጠራቸው አሥር ደቂቃ አይፈጅባቸውም ነበር። ያልጠራኋቸው እንደሚከለክሉኝ ስለማውቅ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። በአደባባዩ ሐውልት ደረጃ ላይ ሾፕካዎቹ ተደርድረዋል፤ አገር ጎብኚው ፎቶ ያነሣል፤ ቀለበት ዳቦ ሻጯ ከብርዱ የተነሣ መሬቱን በእግሯ እየደበደበች ትጮኻለች። እኔና ፓን ሂየሮኒም የኛን ከታክሲ አውርደን፣ ግራና ቀኝ ይዘን በድንጋዩ ንጣፍ ላይ አንገጫግጨን አመጣነው። አስቀመጥነው። ማብሪያውን ሲጫኑት ቦግ አለ። ቴዎፊል ሳይቀር አንገቱን አሰገገ።

«ጉድ ነው! ዘንድሮ ፀሐይ ገዛችሁ እንዴ?»

«ቅናት ያሳክካል ይባላል» አልኩት። «ኮትህን አውልቅና በደንብ እከከው።»

ሳቄን ሳልጨርስ ሾፕካው ድርግም አለ። አንድ መስኮት ሳይቀር።

ፓን ሂየሮኒም አልደነገጡም። የመሠረቱን ክዳን ከፍተው አዩት፤ ፊውዙ ተቃጥሏል። ከቆርቆሮዋ አንድ አውጥተው ቀየሩት። ቦግ አለና ጠፋ። ሌላ ቀየሩ። እሱም ሄደ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ሾርት አለ» አሉ ረጋ ብለው። «ትናንት ስወጣ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ የነካሽው ነገር አለ?»

የማርያም መንገድ ሰጥተውኝ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ግንቡን ከፍተው ፎይሉን ቦጭቀው ይጥሉት ነበር፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ቴዎፊል አጠገቤ ቆሟል። የቴሌቪዥን ካሜራ የያዘች ልጅ ጆሮዋን ጥላለች። ሃያ ዓመት የሠራች ሴት፣ ሕፃን የሚያውቀውን ሕግ ጣሰች ሊባል ነው።

«ምንም አልነካሁም» አልኩ።

«ለማጽዳት እንኳ? መካከለኛውን ግንብ?»

«አልነካሁም አልኩ እኮ! ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

ረስቼው ነው ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። ፎይሉ ነው ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ግን ጠርጥሬያለሁ፤ እየጠረጠርኩ እዚያው ቆሜ ዋሸሁ።

እሳቸውም አመኑኝ። አምነውኝ ባይሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ አይከብደኝም። እኔ ካልነካሁ ጥፋቱ የራሳቸው መሆን አለበት ብለው ግንቦቹን ትተው መሠረቱ ውስጥ ገቡ፤ እዚያ ያለው ብየዳ ሁሉ የሳቸው ነው። በሰባ ሦስት ዓመታቸው ድንጋይ ላይ ተንበረከኩ። ጓንታቸውን አወለቁ። መነጽራቸውን ጉም ያለብሰዋል፣ ይጠርጉታል፣ መልሶ ያለብሰዋል። ደህና ደህናውን ብየዳ አንድ በአንድ እየጎተቱ ሲፈትሹ፣ ብርዱ ያደረቀው አንዱ ሽቦ እጃቸው ላይ ቀጭ ብሎ ከብየዳው ሥር ተቆረጠ። እኩለ ቀን ሆኖ ከአደባባዩ ቤተ ክርስቲያን ማማ በየሰዓቱ የሚነፋው ጥሩምባ ተነፋ። ቁጥራችን ተጠራ።

«ፓን ሂየሮኒም፣ ተጠራን እኮ!»

«አንድ ደቂቃ... አንድ ደቂቃ ብቻ...»

«ሰው እየጠበቀን ነው!»

«ይኼ ብየዳ ለቀቀ» አሉ የተቆረጠውን ሽቦ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው። «የኔ ብየዳ ነው። ትናንት የፈተሽኩት።»

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ቴዎፊል እየሰማ፣ ልጅቷ እየሰማች፣ «ዓይንዎ ደክሟል፣ ፓን ሂየሮኒም» አልኩ። «እጅዎም እንደ ድሮው አይደለም። ቀደም ብለው ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።»

እጃቸውን አዩት፤ መጀመሪያ መዳፉን፣ ቀጥሎ ጀርባውን። ከዚያ ጓንታቸውን አጠለቁና ሾፕካውን በአንድ በኩል ያዙልኝ። እንደጨለመ ይዘነው መድረክ ላይ ወጣን። ሰዉ አጨበጨበ፤ የርኅራኄ ጭብጨባ ነበር።

በውድድሩ የገቡ ሾፕካዎች እስከ ክረምቱ ማብቂያ ለሕዝብ ይታያሉ። የኔን የመለሱልኝ በፌብሯሪ መጨረሻ ነው። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የመካከለኛውን ግንብ ጀርባ ከፈትኩት። የፎይሉ ጫፍ በብርዱ ማጣበቂያውን ለቆ፣ ተንጠልጥሎ፣ ራቁቱን ያለው ብየዳ ላይ ተኝቷል። የተገናኙበት ቦታ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ክው አልኩ። እስከዚያ ቀን «ምናልባት የሳቸው ብየዳ ይሆናል» እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ከዚያ በኋላ ማባበያ አልነበረኝም።

እሳቸው ግን ከጃንዋሪ ጀምረው የምድር ቤቷን ክፍል ዘግተዋል። ቁልፉን ለባህል ቤቱ አስረከቡ፤ መበየጃቸውንና ቴስተራቸውን ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጡ። በሩ ላይ በራሳቸው ጽሕፈት «የጥገናው ክፍል ተዘግቷል፤ ያጠፋሁባችሁ ካለ ይቅርታ» ብለው ለጥፈው ነበር። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ወረቀቷ ትታየኛለች፤ ከዚያ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

እነግራቸዋለሁ አልኩ። ለፋሲካ እነግራቸዋለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ተናዘዝኩም። እኚያ በቅቤ ቢላ የተጋለጡት ቄስ ሰሙኝና፣ «ለእግዚአብሔር ነግረሽዋል፣ መልካም። አሁን ለሰውየው ንገሪው» አሉኝ። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? የሚቀጥለውን ኑዛዜ ሌላ ደብር ሄጄ ተናዘዝኩ። ዓይን አውጣነት ማለት ይኼ ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር መብራቱን ሌላ ሰው ሠራልኝ፤ ሦስተኛ ወጣሁ። እሑድ ዕለት ሽልማቱ ሲሰጥ ፓን ሂየሮኒም ከሰዉ መሐል ቆመው ነበር፤ አንዲት አበባ ይዘዋል።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ብሮንካ» አሉኝ። «ለካ እኔ ሸክም ሆኜብሽ ነበር።»

አበባውን ተቀበልኳቸው። «አይ፣ ምን በወጣዎት» እንኳ አላልኩም። ቤቴ ገብቼ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሁለት ሳምንት ቆየ፣ ደርቆም ለመጣል ድፍረት አጣሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔ እውነት ግን በራሱ አልጠራም፤ እኔ ራሴ ካልተናገርኩት ከኔ በቀር የሚያውቀው የለም። አንዳንድ ቀን ያ ያጽናናኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሦስተኛው ዓመት መከር ላይ የሰፈራችን ክሊኒክ መተላለፊያ ውስጥ አገኘኋቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ወረቀት ይዘዋል። አንድ መነጽር ብቻ ነው ያደረጉት።

«ምነው ደህና አይደሉም?» አልኳቸው።

«ደህና ነህ ይሉኛል» አሉ ፈገግ ብለው። «የዓይን ሐኪሟ ለዕድሜህ ጥሩ ነው አለች። ሌላዋ ደግሞ እጄን አስዘርግታ አየችውና አይንቀጠቀጥም አለች።»

«ታዲያ ይኼ ደስ የሚል አይደለም?»

«ሐኪም የወረቀቱን ነው የሚያየው። እኔ ያን ቀን በአደባባዩ አይቻለሁ» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁን አምፖል እንኳ የሚቀይርልኝ ጎረቤት ነው። እንዳታሚኝ እንግዲህ» አሉኝ።

ከቀለጠ ብረት በላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የተንጠለጠለ ሰው አምፖል ለመቀየር ጎረቤት ይጠራል። ከሁለት ሐኪም ይልቅ የኔን ውሸት አመኑ። ካልነገርኳቸው ያንን ይዘው ወደ መቃብር ሊወርዱ ነው፤ እኔም እንደዚያው።

በማግሥቱ ጠዋት መካከለኛውን ግንብ ከዚያ ዓመቱ ሾፕካ ላይ ነቅዬ፣ በመጋረጃ ጠቅልዬ ቤታቸው ሄድኩ። ከአንድ ጎረቤት ቴስተር ተውሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ሻይ አፈሉልኝ፤ የእንጆሪ ጭማቂ ጨመሩበት። ፍንጃሉን ሳልነካ ነገርኳቸው። ረቡዕን ነገርኳቸው፣ ቴዎፊልን ነገርኳቸው፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው ማለቴን፣ ፌብሯሪን፣ ሌላ ደብር መሄዴን። ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ የጠረጴዛ ልብሱን ጥልፍ እየቆጠርኩ ነው የተናገርኩት።

ስጨርስ ተነሥተው ሁለተኛውን መነጽር ከመሳቢያ አወጡ። ግንቡን ወደ መስኮቱ አዞሩትና ቴስተሩን አበሩ። አንዱን ጫፍ ፖዘቲቩ ላይ፣ ሌላውን ኔጋቲቩ ላይ አደረጉ፤ ቴስተሩ ተገናኝተዋል ሲል ጢጥ አለ። በወረንጦ የፎይሉን ጫፍ ከብየዳው ላይ አነሡት፤ ዝም አለ። መልሰው ጣሉት፤ ጢጥ አለ። አነሡት፣ ጣሉት። አምስት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። እጃቸው እንደ ድሮው ነበር።

«ሦስት ዓመት» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፓን ሂየሮኒም።»

«ቆይ!» ጠረጴዛውን መቱት፤ ሻዩ ፈሰሰ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «ቆይ እስቲ አንድ ጊዜ! ቴዎፊል ይሳቅብሽ አይሳቅብሽ እኔን ምን አገባኝ? ሾፕካው ምን አገባኝ? ልጄ ኡርሹላ የወለደች ጊዜ ሆስፒታል ሄድኩ። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃ ያገኘችው ልጅ ነው። ‹አባዬ፣ እቀፈው› አለችኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩት። ሽቦ መያዝ ያቃተው እጅ ሕፃን ይጥላል ብዬ። በጥምቀቱም ቀን አልያዝኩትም። እስካሁን አንድ ቀን አላቀፍኩትም፤ ገባሽ?»

የዚያን ልጅ የጥምቀት ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። በጥምቀቱ ዕለት አያትየው ወንበር ጥግ ቆመው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነበር፤ እኔ ኩራት መስሎኝ ነበር። አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ ባያባብሉኝ ልክ ናቸው።

«እነ ኡርሹላ እሑድ ለምሳ ይመጣሉ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም ትመጪና ለኡርሹላ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ ብነግራት ላንቺ አዝኜ አሳንሼ ነው የምነግራት።»

ሄድኩ። ከሾርባው በኋላ፣ ሥጋው ሳይቀርብ ነገርኳት። ኡርሹላ ጭልፋውን አስቀመጠች። ይጮኽብኛል ብዬ የጠበቅሁት ባሏ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷ ወደኔ አላየችም፤ አባቷን ነው ያየችው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር፣ አባዬ። ምን አድርጌው ይሆን ስል ነበር የኖርኩት።»

ይኼን ደግሞ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ሰው ብቻ የበደልኩ መስሎኝ ነው የመጣሁት።

ፓን ሂየሮኒም ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ራቅ አደረጉ። ልጁ ካዬታን ይባላል፤ ወለሉ ላይ ትንሽ መኪና እየነዳ ነበር። ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉለት። እጃቸውን አየሁት፤ ንቅንቅ አይልም።

«ና እስቲ» አሉት። «ና ወደኔ።»

ልጁ እጆቻቸውን አየ፣ ከዚያ ፊታቸውን አየ። መኪናውን ይዞ ብድግ አለና ከእናቱ ወንበር ኋላ ገብቶ ቀሚሷን ያዘ።

«እማዬ» አላት፣ «ሰውዬው ምን ፈልጎ ነው?»